በህልሜ የከዳችኝን እህቴን ቀኑን ሙሉ ተቀየምኳት፤ ይህ ለምን ይሆናል?

ቦዬ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓቴ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ልቤን ሥራዬ ላይ መሰብሰብ አቅቶኝ ዋልኩ።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ህልም አየሁ። ታናሽ እህቴ ጅሬን ያለውን የእናታችንን ቤት ሳትነግረኝ ሸጣው፣ ገዢዎቹ ዕቃ ሲያወጡ ደረስኩ። «ምነው እንዲህ አደረግሽ?» ስላት ሳቀችብኝ። ከመሸጧ ይልቅ ሳቋ ነው የጎዳኝ። ባንኜ ስነሳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የሱብሂ አዛን ይሰማል፣ እህቴ ከጎኔ ካለው አልጋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ህልም መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ቤቱ አልተሸጠም። እሷም እንኳን ቤት ልትሸጥ የእኔን ሻርፕ ሳታስፈቅድ የማትለብስ ልጅ ናት።

ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ግን አልወረደም። ቡና አፍልታ «ምን ሆነሻል ዛሬ?» ስትለኝ ቀና ብዬ ላያት ከበደኝ። ሲኒውን ስታቀብለኝ እንኳ እጇ ላይ የሆነ ንቀት ያለ መሰለኝ። አሁን እኩለ ቀን ላይ የህልሙ ዝርዝር እየጠፋብኝ ነው፣ የገዢዎቹን ፊት ጭራሽ አላስታውስም። ቅያሜው ግን እንዳለ ነው።

የምፈልገው ፍቺ አይደለም። ያልተፈጸመ ነገር እንዴት የእውነት ያስቀይማል? ስለ ሰው ያለኝን አመለካከትስ እስከ መቼ ይዞ ይቆያል? ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ከእናታችን ሞት ወዲህ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን ነገሩን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልፈለግሁም።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡41

ህልም እልም! ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢና ተይው እህቴ።

እማማ ከቆጪ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

ልጄ፣ የፈረንጅ አራዳው ልጅ እውነቱን ነው፣ እኛም እንደዚያው ነው የምንለው። ግን ብለነውም የማይለቅ ህልም አለ።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በህልሜ ይመጣል። አንዳንድ ሌሊት እየሳቀ ይመጣል። ያን ቀን የጉልበቴ ሕመም እንኳ ይተወኛል፤ ሐሙስ ገበያ ስወርድ ሻጩም ገዢውም ደግ ሰው ሆኖ ይታየኛል። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ፊቱን አዙሮብኝ ይሄዳል። ያን ቀን ያው መንገድ፣ ያው ጎረቤት ነው፣ ግን ሁሉም ፊት የነሳኝ ይመስለኛል፤ «እንደምን አደሩ» ያለኝ ሰው ድምፁ ይቀዘቅዝብኛል። ሰዉ አልተለወጠም። እኔ ከአልጋዬ ይዤው የተነሳሁት ነው የተለያየው።

ህልም እንደ ፈቺው ነው። ስለዚህ ለማንም አይነገርም፤ ቅን ሰው ይመረጥለታል። ጥርሴ ወለቀ ብለሽ ለክፉ ፈቺ ብትነግሪው «ከዘመድ ሰው ይሞታል» ይልሻል፣ ከዚያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጪ ትከርሚያለሽ። ሰርግ አየሁ ብትይው ለቅሶ ነው ይልሻል። ጥሬ ሥጋ አየሁ ብትይው መርዶ ነው ይልሻል። ህልሙ ያላደረገብሽን ፈቺው ያደርግብሻል። አንቺ ፍቺ አልፈልግም ማለትሽን ወድጄዋለሁ።

የሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡05

ቦዬ ማዶ፣ ነርስ ነኝ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ውስጥ ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ዩጂን አሴሪንስኪ እና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ዓይኑ ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ አሳወቁ። በዚያ ሰዓት ሲቀሰቀሱ ብዙዎቹ ሰዎች ህልም ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። በሌሎቹ የእንቅልፍ ክፍሎችም ህልም ይታያል፤ በስሜት የተሞላውና ረጅሙ ግን በብዛት የዚህኛው ነው። እንቅልፍ በግምት በየ90 ደቂቃው ዙር ይሠራል፤ ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ ይህ ክፍል እየረዘመ ይሄዳል። አንቺ ሊነጋጋ ሲል ማየትሽና ከህልሙ በቀጥታ መባነንሽ ለዚህ ነው።

በዚያ ሰዓት አእምሮ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፍርሃትንና ሌሎች ጠንካራ ስሜቶችን የሚያንቀሳቅሰው አሚግዳላ የተባለው ክፍል በጣም ይሠራል። በግንባር በኩል ያለው፣ «ይህ ነገር ሊሆን ይችላል? ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ የሚመረምረው ክፍል ደግሞ ይቀዘቅዛል። ዳኛ በሌለበት ችሎት ከሳሽ ብቻውን ሲናገር እንደማደር ነው። ልብሽ የሚመታው፣ ትንፋሽሽ የሚቆራረጠው በእውነት ነው። ስትነቂ ዳኛው ወዲያው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ «ህልም ነው» ይላል። ሰውነት ግን በአንድ ቃል አይመለስም፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ዝርዝሩ የጠፋብሽም ነገርን መዝግቦ የሚያስቀምጠው የአእምሮ ሥራ በህልም ሰዓት ደካማ ስለሆነ ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምክንያቱ የጠፋበት ስሜት ምክንያት ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያገኘው ላይም ይለጠፋል። እህትሽ ሲኒ ስታቀብልሽ እጇ ላይ ንቀት ያየሽው ለዚህ ይመስለኛል።

ስሜትሽን «የውሸት ነው» አትበይው፤ ተሰምቶሻል። እህትሽ ላይ ያቀረበው ክስ ግን ምስክር የለውም። እኔ ሁለቱን ለይቼ ነው የምይዘው።

ቦዬ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊት መንሳት ያሉት በትክክል የእኔ ነው።

የሌሊት ተረኛ፣ የሲኒው ነገር አስደነገጠኝ። ቤት ስገባ ሆን ብዬ እጇን አየሁት። ያው እጇ ነው፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጣት ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር። ጠዋት ፕላስተሩን አላየሁትም፣ ንቀቱን ግን አይቼው ነበር።

ጅሬን 12 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ከነርሷ ጋር በአክብሮት አልስማማም። ህልምን ወደ ኬሚካል ብቻ ካወረድነው አያቶቻችን የኖሩበትን ጥበብ ሁሉ መጣላችን ነው። ዮሴፍ የፈርዖንን ህልም ፈትቶ አገር ከረሃብ አዳነ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም የዩሱፍን ታሪክ ያውቁታል። ሳይንሱ ራሱ በህልም ተጠቅሟል። ኦቶ ሎዊ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ፣ ነርቮች ለልብ መልእክት የሚያስተላልፉት በኬሚካል መሆኑን ያሳየበትን ሙከራ በህልሙ ነው ያገኘው። ሌሊት ተነስቶ በወረቀት ጫረው፣ ጠዋት ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በሚቀጥለው ሌሊት ህልሙ ተመለሰለት፣ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። እና የቦዬ ማዶ ህልም ማስጠንቀቂያ አለመሆኑን ማን አረጋገጠ? ስለ ቤቱ ወረቀት ብትጠይቅ ምን ትጎዳለች?

የሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

ጅሬን፣ ሎዊን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ እኔም የምወደው ታሪክ ነው። ግን ላቦራቶሪ ገብቶ ምን እንዳደረገ ቀጥልበት። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ ወስዶ፣ የአንዷን ነርቭ ቀስቅሶ ምቷን ካዘገየ በኋላ ያለችበትን ፈሳሽ ለሌላዋ ሰጠ፤ ሁለተኛዋም ዘገየች። ሽልማቱን ያገኘው ባየው ህልም ሳይሆን ነቅቶ በፈተነው ነገር ነው። ህልሙ ጥያቄ ሰጠው፣ መልሱን የሰጠው ቀኑ ነው። ቦዬ ማዶም እንደዚያ ብታደርግ አልቃወምም። ሳትፈትን እህቷን ብትፈርድባት ግን እቃወማለሁ።

ሙዓሊሙ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

በእኛ ትምህርት ህልም ሦስት ዓይነት ነው፦ ከአላህ የሆነ ብስራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማሳዘኛና ማስፈራሪያ፣ ሰው በቀን ሲያወራውና ሲያስበው የዋለው ደግሞ ሌላ። ሰዉ ሁሉን ህልም የመጀመሪያው ውስጥ ሊከት ይቸኩላል። የሚያስከፋ ህልም ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግም ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. አስተምረዋል። ከክፋቱ በአላህ ይጠበቃል፣ በግራው በኩል ሦስት ጊዜ እንትፍ ይላል፣ ተኝቶበት ከነበረው ጎን ይገለበጣል፣ ለሰውም አያወራውም፤ ያን ጊዜ አይጎዳውም። እማማ ከቆጪ ለማንም አይነገርም ካሉት ጋር ይገጥማል።

ስለ እውነታ ጥያቄ ላነሳችሁት ደግሞ፣ ኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. 1058 እስከ 1111) በራሳቸው ላይ ከባድ ጥርጣሬ በመጣባቸው ጊዜ ህልምን ነበር ያነሱት። ተኝተህ ሳለ የምታየውን ያለ ጥርጥር ታምናለህ፣ ስትነቃ ግን መሠረት እንደሌለው ታያለህ፤ ታዲያ ነቅተህ የምታምነውን ምን አስተማመነህ? ይህ ጥያቄ ወራት አሳምሟቸዋል። ከዚያ የወጡትም በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን እንደሆነ ተናግረዋል። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት ተመሳሳዩን ያነሳው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1641 ነው። እህቴ ሆይ፣ አንቺን ያስጨነቀሽ ነገር ትልልቅ ሰዎችን ያስጨነቀ ነው።

ጫት የተውኩ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡12

እንቅልፍ ስለሌለኝ ልጻፍ። ዕድሜዬን ሙሉ ጅማ ነው ያደግኩት፣ በርጫው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከተውኩ ወዲህ ዱካክ አላስተኛ ብሎኛል። ዓይኔ ተከፍቶ ክፍሌን አያለሁ፣ መጋረጃውንም በሩንም አያለሁ፣ ግን ጣቴን ማንቀሳቀስ አልችልም። የሆነ ሰው ገብቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ፊቱን አየሁት፣ የአከራዬን ይመስላል።

ህልም ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን የራሴን ክፍል ነው የማየው። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቤታቸው ይጠሩኛል። አሁን ግቢ ውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ በሬን እዘጋለሁ። እንደማይገቡ አውቃለሁ፣ ቁልፉ ከውስጥ ነው። ግን ሰውነቴ አያምነኝም። ወደ ጫቱ ብመለስ ይተወኝ ይሆን እያልኩ ነው።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡40

ተረኛ ነኝ፣ አነበብኩህ ወንድሜ። አትመለስ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። አእምሮን ነቅቶ እንዲቆይ ይገፋዋል፣ የህልም እንቅልፍንም ይጫነዋል። ስታቆም ሲታፈን የኖረው የህልም እንቅልፍ በአንዴ ይመጣል፣ ያውም በርትቶ። ጫት የሚያቆሙ ሰዎች ክፉ ቅዠት የሚበዛባቸው ለዚህ ነው። ሰውነትህ እየተመለሰ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል።

ዱካክ የምትለው ደግሞ እንዲህ ነው። በህልም እንቅልፍ ጊዜ የህልሙን እንቅስቃሴ በአካል እንዳንፈጽመው ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ። አንዳንዴ ሰው እስሩ ሳይፈታ ይነቃል። ዓይንህ ክፍሉን ያያል፣ ህልሙ ደግሞ ገና አላለቀም፣ ሁለቱ ይደራረባሉ። ክፍሉ እውነት ነው፣ ደረትህ ላይ ያለው ሰው ግን የህልሙ ነው። እስትንፋስህ አይቆምም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅሃል። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል፤ በጎንህ ተኛ፣ የምትተኛበትና የምትነሳበት ሰዓት አይዛባ። ከሰዓት በኋላ ቡና አትጠጣ፤ ከጠጣህ አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም የካፌኑ ግማሹ ደምህ ውስጥ ነው። ሲይዝህ ሙሉ አካልህን ለማንቀሳቀስ አትታገል፣ አንዲት የእግር ጣትህን ለማነቃነቅ ብቻ ሞክር።

አከራይህን ደግሞ ቀን በብርሃን ሄደህ ሰላም በላቸው። ለሰውነትህ የምታሳየው ሌላ ማስረጃ የለም፤ የነቃኸውን ፊታቸውን አሳየው። ካልለቀቀህ፣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ና። እዚህ ከተማ ለጫትና ለዱካክ የሚመጣ ሰው ማንንም አያስገርምም።

ጫት የተውኩ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡58

እሺ። ነገ ቡና ይዤ ሄጄ ሰላም እላቸዋለሁ።

4ኛ ዓመት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነኝ። የእኔ ከስሜት ይልቅ ትዝታ ነው። ለዶርም ጓደኛዬ የተበደርኩትን ገንዘብ በቴሌብር እንደላክሁለት ርግጠኛ ነበርኩ። የት ቆሜ እንደላክሁ፣ «አመሰግናለሁ» ማለቱን ሁሉ አስታውሳለሁ። ሲጠይቀኝ ልቆጣ ስል ስልኬን ከፈትኩ፣ የተላከ ነገር የለም። ለፈተና እያደርን ስናጠና በነበርንበት ሰሞን ያየሁት ህልም መሆኑ የገባኝ ከብዙ ማሰብ በኋላ ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ትዝታ ስንት ይኖረኝ ይሆን? ያልፈተሽኩት ስንት አለ? ይህ ሐሳብ ዕረፍት ነሳኝ።

ሙዓሊሙ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡30

ልጄ፣ ህልምህ ውስጥ ጓደኛህ ቢበር ኖሮ አትሳሳትም ነበር። ያሳሳተህ ተራ ነገር መሆኑ ነው።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

ሙዓሊም በትክክል ገለጹት። አእምሮ እያንዳንዱን ትዝታ «ይህ የሆነ ነው»፣ «ይህ ያሰብኩት ነው» የሚል ምልክት ለጥፎ አያስቀምጠውም። በኋላ ነው የሚፈርደው፤ የሚፈርደውም በዝርዝሩ ብዛት፣ በቦታውና በሰዓቱ ግልጽነት፣ ከሌላው ሕይወት ጋር በመግጠሙ ነው። ተራ ህልም እነዚህን ሁሉ ሊያሟላ ይችላል። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ፈራጁ ራሱ ይደክማል። አንድ ሁለቴ ቢደርስብህ አትፍራ። ደጋግሞ ከመጣ፣ በተለይ ቀን ቀን ሳትፈልግ እንቅልፍ የሚጥልህ ከሆነ ግን ሐኪም ጋር ሄደህ ታይ። ናርኮሌፕሲ የሚባለው የእንቅልፍ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ህልምንና እውነትን ከሌላው ሰው በጣም አብልጠው ይቀላቅላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ መድኃኒቶችም ህልምን ያበረታሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ሜፍሎኩዊን፣ ለኤች አይ ቪ ሲሰጥ የቆየው ኤፋቪሬንዝ ይታወቁበታል። ማንም ግን በራሱ እንዳያቆም፤ ለሐኪሙ ይንገር፣ የሚለወጥበት መንገድ አለ።

የሊሙ መስመር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፣ ከሊሙና ከአጋሮ ቡና ጭኜ አዲስ አበባ እወስዳለሁ። የጊቤን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። እዚያ አደጋ አይቻለሁ፣ ከፊቴ የነበረ መኪና ነው የገባው። እኔ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ያው ህልም ይመላለስብኛል፦ ፍሬኔ አይዝም፣ ገደሉ ይመጣል፣ እባንናለሁ።

የምጽፈው ስለ ህልሙ አይደለም፣ ስለ ማግስቱ ነው። ያን ህልም ካየሁ በማግስቱ ያው አስፋልት ይጠብብኛል። ኩርባው የበለጠ የታጠፈ ይመስለኛል፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ወደ እኔ የገባ ይመስለኛል። ፍሬን ያለ ቦታው እረግጣለሁ። ረዳቴ «ምነው ጋሼ?» ይለኛል። ህልሙን ባላየሁበት ቀን መንገዱ ሰፊ ነው። ሰው «ህልም ምን ያደርጋል» ሲል ይገርመኛል፤ ከኋላዬ ስንት ኩንታል ጭኜ ነው በዚያ ዓይን የማየው።

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጋሼ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ተመላላሽ ቅዠት በተለይ የሚሠራ ዘዴ አለ። ባሪ ክራካው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት፣ ጥቃት ደርሶባቸው ለዓመታት ሲቃዡ የኖሩ ሴቶች በዚህ ዘዴ ቅዠታቸው ቀንሶላቸዋል።

ቀን፣ ነቅተው ሳሉ፣ ህልሙን ይጻፉት። ከዚያ እንደ ፈለጉ ይለውጡት። ፍሬኑ ይያዝ፣ ወይም መኪናው ዳገት ላይ ይቁም፣ ወይም ከጊቤ ድልድይ በታች ወርደው እግርዎን ይታጠቡ፤ ምንም ይሁን፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። ከዚያ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ዓይንዎን ጨፍነው እንደ አዲስ ይዩት። አሮጌውን ደጋግመው አይመላለሱበት። ጥቂት ሳምንት ይስጡት። ያን ህልም ያዩበት ሌሊት ማግስት ደግሞ፣ ቢቻል የቁልቁለቱን መሪ ለረዳትዎ ይስጡ፣ መንጃ ፈቃድ ካለው። ከአደጋው ወዲህ ቀንም ትዕይንቱ ድንገት የሚመጣብዎ ከሆነ ዘዴውን ብቻዎን ሳይሆን ከባለሙያ ጋር ይጀምሩት።

የሊሙ መስመር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡52

ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው። ፍሬኑ እንዲይዝ ነው የምፈልገው፣ ሌላ አልፈልግም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሰካ በር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሁሉንም አንብቤ ያልተነካ ነገር አየሁ። ቦዬ ማዶ፣ ነርሷ ክሱ ምስክር የለውም አለች። ይሁን። ግን ስሜቱ ለምን ያንን ቤት መረጠ? ሺህ ነገር እያለ የእናታችሁ ቤት ለምን? ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከለቅሶው ወዲህ ስለዚያ ቤት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?

ቦዬ ማዶ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡50

ሰካ በር፣ ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ ለመመለስ ቆየሁ።

አልተነጋገርንም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱ ከአንድ ክፍል በቀር ተዘግቷል፤ ያንን ክፍል ያከራየነው ሰው ኪራዩን ለእሷ ነው የሚከፍለው፣ ምክንያቱም ለእሱ የቀረበችው እሷ ናት። እኔ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ እናታችንን መቁጠር መስሎ ይሰማኛል። በልቤ ግን ጥያቄው እንደነበረ አሁን ታወቀኝ። እሷ አንድም ክፉ ነገር አላደረገችም። አንድም ነገር ደግሞ አላወራንም።

ጅሬን 12 | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

ይኸው! ህልሙ መልእክት ነበረው ያልኩት ለዚህ ነው።

ሰካ በር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡35

ጅሬን፣ ህልሙ የተናገረው ስለ እሷ ስለ ራሷ ነው፣ ስለ እህቷ አይደለም። ቦዬ ማዶ የፈራችውን አሳየ፤ እህቷ ያደረገችውን አላሳየም። ይህ ልዩነት ቤተሰብ ያድናል።

በዚህ ላይ የተሠራ ነገር አለ። ኬሪ ሞርዌጅና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ጠየቁ፦ ከጉዞህ በፊት በነበረው ሌሊት አውሮፕላንህ ሲወድቅ በህልም ብታይ ጉዞህን ትተዋለህ? መልሱ፣ ህልሙ መንግሥት ከሚያወጣው ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይከብዳቸዋል። ግን ሁሉን ህልም እኩል አያምኑም። የሚወዱት ሰው በህልም መልካም ሲያደርግላቸው «ትርጉም አለው» ይላሉ፣ ያው ሰው ሲከዳቸው ትርጉሙን ይቀንሱታል፤ በማይወዱት ሰው ላይ ደግሞ ይገለበጣል። ቀድሞ ልባችን ያለበትን ህልሙ ሲያጸናልን ነው መልእክት የምንለው።

ሌላም አለ። ዲላን ሰልተርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የፍቅር ጓደኛ ያላቸውን ሰዎች በየቀኑ ህልማቸውንና ውሏቸውን አስመዘገቡ። በህልማቸው ከተጣሉ በማግስቱ በእውኑም ጠብ ይበዛል፤ ክህደት ካዩ በቀጣዮቹ ቀናት ፍቅሩ ይቀዘቅዛል። ህልሙ ትንቢት ሆኖ ሳይሆን ያየው ሰው ፊቱን ይዞት ስለሚነሳ ይመስለኛል። ቦዬ ማዶ ማክሰኞ ጠዋት አንገቷን ደፍታ ቡና ስትጠጣ ያ ነገር ሊጀምር ነበር።

እማማ ከቆጪ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

ልጄ፣ ህልሙን አትንገሪያት። «ከዳሽኝ፣ ሳቅሽብኝ» ብለሽ ብትነግሪያት እሷም በተራዋ ያንን ሳቅ ተሸክማ ትኖራለች፣ «እህቴ እንዲህ ታስበኛለች» እያለች። የቤቱን ነገር ግን አንሺው። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ «እማዬ ቤት እንዴት ይሁን?» በያት። ኪራዩን መጀመሪያ አታንሺ።

የሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

እማማ ያሉትን ነው የምደግፈው። ነቅተሽ የምታውቂው ጉዳይ ቤቱ ነው።

ቦዬ ማዶ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡40

ዛሬ አነሳሁት። እማማ እንዳሉት አድርጌ። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ቆርቆሮው ሲያፈስ ማን አሠራው?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ኪራዩን በደብተር ስትጽፍ እንደኖረች፣ ከጥገናው የተረፈውን ለእናታችን ሙት ዓመት አስቀምጬዋለሁ አለች። ደብተሩን አሳየችኝ። እሷም በበኩሏ እኔ ቤቱን ልሽጥ ነው ብላ ስትፈራ እንደነበረ ነገረችኝ። አልጨረስንም፤ አጎታችን ባሉበት በወረቀቱ ጉዳይ ልንነጋገር ነው፣ እሱም ቀላል አይሆንም። ህልሙን አልነገርኳትም።

ማክሰኞ የነበረው የደረቴ ነገር ለቆኛል። አሁን ያለው ሌላ ነው፣ የምክንያቱን ስም የማውቀው።

ጫት የተውኩ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

አከራዬ ጋር ሄጄ ነበር። ቡናውን ተቀብለው «ከሳህ፣ ምነው?» አሉኝ፣ ምሳ አበሉኝ። ዱካኩ አልተወኝም፣ ትናንትም መጥቶ ነበር። ፊት ግን አልነበረውም።

የኮሌጅ ሰፈር | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ይህን ክር ዛሬ አገኘሁት፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ተኝተው ሳለ ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ፣ ባለፈው እናቴን በክርናቸው መቷት። ስንቀሰቅሳቸው «ጅብ ሲያባርረኝ ነበር» ይላሉ፣ ጠዋትም አዝነው ይውላሉ። ዱካክ ነው ብለን ጠበል ልንወስዳቸው ነው።

የሌሊት ተረኛ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡45

ይህ የዱካክ ተቃራኒ ነው። ዱካክ ላይ ሰው ነቅቶ እስሩ አይፈታም፤ እሳቸው ላይ ደግሞ እስሩ ሊይዝ ሲገባው ስላልያዘ ህልሙን በአካል እየፈጸሙት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ገለጹት፤ በብዛት የሚይዘውም በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ነው። ጠበሉን አልከለክልም፣ ግን ሐኪም ጋር መውሰድ አትዘግዩ፣ የነርቭ ሐኪም ቢያያቸው ይመረጣል። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የፓርኪንሰን በሽታ ምልክት ስለሚሆን እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ማሽተት ቀንሶባቸው እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። የሚወስዱትንም መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ።

እስከዚያ እናትሽ ሌላ አልጋ ላይ ይተኙ። የአባትሽን ፍራሽ መሬት ላይ አውርዱት፣ ከአጠገባቸው በርጩማም ሆነ ብርጭቆ አይኑር። ሲጮኹ ከሩቅ በስማቸው ጥሯቸው፣ አትያዟቸው። ጠዋት ላይ ደግሞ እናታችሁን መምታታቸውን እየደጋገማችሁ አታንሱባቸው፤ ጅቡን ነው የመቱት።

የኮሌጅ ሰፈር | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡58

ማሽተት ያልሽው እውነት ነው፣ ቡናው ሲቆላ አይሸታቸውም። ነገ ከወንድሜ ጋር እንወስዳቸዋለን። ፍራሹን አሁኑኑ እያወረድን ነው።